የክርስትና ስሙን የጠራው ሰው

ልጄ ሕብስት፣ እመብርሃን ከፊትሽ ትቅደም። ጉልበቴ ትንሽ ተሽሎታል፤ ጣሪያውም ተጠገነ።

ከዙሪክ ጄኔቫ ድረስ ሄደሽ በአባትሽ ፓርቲ መታሰቢያ ላይ ተገኝተሻል። «የፓርቲው ጓዱ አቶ ኃይለመለኮት አባዬን ‹ወልደ ሩፋኤል› ብሎ ጠርቶ፣ የክርስትና ስሙ መሆኑንም ነግሮን አለቀሰ፤ መሐረቤን ሰጠሁት» አልሽኝ። በስልክ እንዳልጮህብሽ ነው የምጽፈው።

እነአባትሽ «ደም ሳይፈስ በሕግ እንተዳደር» ያሉ የቤተ ክርስቲያን ልጆች ነበሩ። አብዮቱ ፓርቲያቸውን ሲያግድ፣ እንዳይታወቁ ብለው የአባላት መዝገባቸውን በክርስትና ስም ብቻ ጻፉት። አብዮት ጥበቃዎች መዝገቡን ይዘው እንኳ ሦስት ወር ማን ማን እንደሆነ ሳያውቁ ቆዩ። ኃይለመለኮት በታሰረ በሳምንቱ ግን በራችንን ደብድበው «ወልደ ሩፋኤል ማለት አንተ ነህ» ብለው አባትሽን ወሰዱት። እሱ አልተመለሰም፤ ኃይለመለኮት ተፈታ። ያ ስም የአባትሽ መሆኑን ከእኔና መዝገቡን ከጻፈው ከኃይለመለኮት በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ላንቺ እንኳ ነግሬሽ አላውቅም።

ገርፈውት ይሆናል፤ ለዚያ አልፈርድበትም። አሁን ግን በዚያው ስም ሰው ፊት ቆሞ ሊያለቅስልን?

እግዜር ከዚያ አገር ብርድ ይጠብቅሽ፤ ሹራብ ደርቢ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ለከርሞው መታሰቢያ የአባትሽን ስም አንቺ ጥሪው፤ እሱ ከፊት ተቀምጦ ይስማ። መሐረብሽንም ተቀበዪው።

እናትሽ ጽዮን