የግራው በር፦ የወይዘሮ ፕዮ ማልሱን የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ፕዮ ማልሱን ከአባታቸው ከአቶ ፕዮ ዶክማን እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቱ ኦክኔ እ.ኤ.አ. በ1946 በኮሪያ ደቡባዊ ጠረፍ በምትገኘው በዋንዶ ደሴት ተወለዱ። ወላጆቻቸው የሚበላ የባሕር አረም እያደረቁ ይተዳደሩ ነበር።

በልጅነታቸው ጉሮሯቸውን ታመው ከዳኑ በኋላ መገጣጠሚያቸው አብጦ ተኙ። ከዚያ ወዲህ ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። ሐኪሙ ደረታቸውን አዳምጦ ለእናታቸው በሹክሹክታ የተናገረውን እሳቸውም ሰሙ፦ "ይህች ልጅ መውለድ የለባትም።"

በ1965 ሞክፖ ከተማ የነርሶች ትምህርት ቤት ገቡ፤ በኋላም እዚያው መምህር ሆኑ። ልብን ሲያስተምሩ እንዲህ ይሉ ነበር፦ "አራት ክፍል አለው። ከመላ አካላት የተመለሰው ደም በቀኝ ላይኛው ክፍል ይገባል፣ ወደ ታችኛው ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ሳንባ ይገፋል። አየር ይዞ በግራ በኩል ይመለሳል። የግራው ታችኛው ክፍል ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ደሙን እስከ እግር ጣት የሚገፋው እሱ ነዋ! በየክፍሎቹ መውጫ ያሉት በሮች ደግሞ ወደ አንድ ወገን ብቻ ይከፈታሉ።" በሮቹ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ ይል ነበር፤ የራሳቸው የግራ በር ከዚያ የልጅነት ሕመም ጠባሳ ይዞ ጠቦ ነበርና።

በ1973 ከጀልባ ሞተር ጠጋኙ ከአቶ ሶን ጊልሆ ጋር ተጋቡ። ሲያረግዙ ሐኪሞች ተቆጡ። እርግዝና ደም እንደሚያበዛ፣ ጠባቡ በር ማሳለፍ ሲያቅተው ደሙ ወደ ሳንባ ተመልሶ እንደሚያፍን እሳቸውም ያውቁ ነበር። የመጨረሻዎቹን ወራት መጋደም አቅቷቸው ተቀምጠው አደሩ፤ አቶ ጊልሆም ጀርባቸውን ደግፈው ትንፋሻቸውን ያዳምጡ ነበር። በ1976 ልጃቸው ሄሪም በሰላም ተወለደች፤ እናት ግን ከንፈራቸው ጠቁሮ ለወራት ከአልጋ አልተነሱም።

በ1979 ጠባቡን የልብ በር በብረት በር ለማስቀየር ሴኡል ሄዱ። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ልባቸው እንዲቆም ተደርጎ ደማቸውን ማሽን ሊያዘዋውረው ነው።

"ስንቴ ያስተማርሽውን ነገር ምን ያስፈራሻል?" አሏቸው አቶ ጊልሆ።

"ያ የሌላ ሰው ልብ ነዋ! የኔ ተመልሶ መምታት ቢረሳስ?"

"አንቺ ደግሞ የምትረሺው ነገር አለ እንዴ? በሠርጋችን ቀን ማርፈዴን እስካሁን ታነሺብኝ የለም?"

ወይዘሮ ማልሱን ሳቁ፤ እየሳቁም አለቀሱ።

ልባቸው ተመልሶ መታ። የብረቱ በር ጸጥታ በሆነ ቁጥር ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማ ነበር፤ እኛ ቤተሰቦቻቸውም ድምፁ በተዛባ ቁጥር እየደነገጥን ኖርን። እሳቸው ግን ጡረታ እስኪወጡ አስተማሩ።

በ2011 የልባቸው ጡንቻ ደከመ፤ እግራቸው አበጠ፣ ትንፋሻቸው አጠረ። ሄሪም "እማ፣ ፈራሽ እንዴ?" ብትላቸው "አዎ፣ እጄን ያዢኝ። አንቺንም ስወልድ እየፈራሁ ነው የወለድኩሽ" አሏት።

በዚያው ዓመት ኅዳር 9 ቀን አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ፍርሃት በማይደርስበት ስፍራ ነፍሳቸውን ይቀበልልን።