እርቁ አንተን ይጠብቃል

ሰቆጣ፣ መጋቢት ፲፱፻፷ ዓ.ም.

ባሕር ማዶ ላለኸው የልጄ ልጅ አስማረ፣ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኔ አያትህ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ አምላክ ይመስገን።

የመጨረሻው ደብዳቤህ አጭር ነበር፤ ጽሕፈቱም ተንጋዷል። የኔታ ለዚህ ይገርፉኝ ነበር።

የአባትህን መሬት የወሰደው ጎረቤታችን ደሞዝ ታሟል። አባትህ በየችሎቱ ተመላልሶ ሳይፈረድለት ሲሞት ለቅሶ እንኳ ያልደረሰው ሰው፣ በጾሙ መግቢያ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ ሽማግሌ አስከትሎ ደጄ ላይ ተንበረከከ።

«እሜቴ፣ መሬቱን ልመልስ፤ ይቅር ይበሉኝ» አለ።

«አስቀምጠው። አስማረ ፈረንሳይ ድረስ ሄዶ ሕግ የተማረው ላንተ ነው። እሱ ሲመጣ ዳኛ ፊት ትሸከመዋለህ» አልሁት።

የነፍስ አባቴ ተቆጥተው ቁርባን ከለከሉኝ። ይከልክሉኝ።

ያን ዕለት ደሞዝ ከደጄ ተደግፎ ሲነሣ፣ «ለመሆኑ ይመጣል?» አለ።

«ለፋሲካ ይመጣል» አልሁ፤ ሽማግሌዎቹም ሰሙ።

ትምህርቱ ባለፈው ሰኔ አልቋል ብለኸኝ ነበር። አሁንም ሆቴል ውስጥ ሳህን የምታጥበው ለምን እንደሆነ አልጠይቅህም። በፎቶግራፉ ላይ ክንድህን የያዘችው ሴት ማን እንደሆነችም አልጠይቅም። መልኳ ደህና ነው።

የደሞዝ ሳል እየበረታ ነው፤ እቤቴ ድረስ ይሰማል። ድንጋዩ አሁንም ደጄ ላይ ነው። ስወጣ ስገባ ያደናቅፈኛል፤ ማንም እንዲያነሣው ግን አልፈቀድሁም። ትናንት እኔው ልገፋው ሞከርሁ፤ አልነቃነቅ አለኝ።

ሆሳዕና ሳይደርስ ተነሥና ና። ዓይንህን ሳላይ አምላክ ዓይኔን አይክደንብኝ።

አያትህ አመተ ሥላሴ