የልብን መስመር በገዛ ክንዳቸው ያወቁት የሐኪም ፋን ሹዪን የሕይወት ታሪክ

ሐኪም ፋን ሹዪን ከአባታቸው በቀጭን መርፌ ሰውነትን እየወጉ ያክሙ ከነበሩት ከአቶ ፋን ቦልያንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጁ ላንፌን በአንሁዊ ክፍለ ሀገር፣ በሊንኮው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1951 ተወለዱ። ትምህርታቸውንም በዚያው ተከታተሉ።

ሕክምናውን ግን ማንም አላስተማራቸውም። አባታቸው «ሴት ልጅ ነገ ባል ቤት ትሄዳለች፤ ሙያችንን ለባዳ ይዛ ልትሄድ ነው?» ብለው ለታናሽ ወንድማቸው ለዞንግዪ ብቻ አወረሱት። እሱ እንዲማር የተወጉት ግን እኅቱ ሹዪን ናቸው። የልብ ኃይል ከብብት ተነሥቶ በክንድ ውስጠኛ ገጽ እስከ ትንሿ ጣት የሚወርድበት መስመር በቀለም የተሣለው በእሳቸው እጅ ላይ ነው።

«ምን ተሰማሽ?» ይላሉ አባትየው።

«ይነዝረኛል። ወደ ጣቴ እየወረደ ነው።»

ልጁ ይህን ይሸመድዳል። እሳቸው ግን በሥጋቸው አወቁት።

በ1974 ከአናጢው ከአቶ ታንግ ዌንሻን ጋር ጋብቻ ፈጽመው እኔን፣ ሩዪን፣ ወለዱ። አባታቸው ሲያርፉ ክሊኒኩ የወንድማቸው ሆነ፤ እሳቸው በጓዳው ክፍል ይሠሩ ነበር። ሕመምተኛው «እትዬ ሹዪን ይውጉኝ» ብሎ ይመጣል፤ ሲድን የሚያመጣው የምስጋና ጨርቅ ግን የአጎቴ ስም ተጽፎበት ይሰቀላል። ይህን ቀባብቼ አላልፈውም። አጎቴንም ዛሬ «አንቱ» ልለው አልቻልኩም።

ዓሣ አጥማጁ አቶ ሉ ትንሿን ጣታቸውን እያመማቸው የመጡ ዕለት አጎቴ መርፌ አወጣ። እናቴ ክንዳቸውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና «ይሄ የክንድ ሕመም አይደለም። መስመሩ የሚነግረን ስለ ልብዎ ነው፤ አሁኑኑ ሆስፒታል ይሂዱ» አሏቸው። አቶ ሉ ዛሬ እዚህ መካከላችን ቆመዋል።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ያው ሕመም እናቴን ያዛቸው። ጎረቤታችን እትዬ ሚያው አጠገባቸው ነበሩ።

«ልቤ ነው፤ ሆስፒታል ውሰዱኝ» አሉ እናቴ።

«የፋን ቤት ሐኪም ሆስፒታል ገባች ከተባለ ነገ ማን ወደኛ ይመጣል? ተኚ፣ እኔ እወጋሻለሁ» አለ አጎቴ።

«ዞንግዪ፣ መርፌህን አስቀምጥና መኪና ጥራ።»

አልጠራም። እትዬ ሚያውንም «ትንሽ ትረፍ» ብሎ ከቤት አስወጣቸው። ከሰዓት በኋላ ተመልሰው መኪና የጠሩት እትዬ ሚያው ናቸው። እናቴ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 12 ቀን 2018 መንገድ ላይ አረፉ።

ትናንት አጎቴ ቤታችን መጥቶ «በቀብሩ ፎቶዋን ወንድ ይያዝ፤ ከሬሳ ሳጥኑ ፊት የሚሄደው የኔ ልጅ ነው» አለኝ።

«እናቴ ናት። እኔ እይዛለሁ» አልኩት።

ሐኪም ፋን ሹዪን ባለቤታቸውን፣ አንድ ሴት ልጃቸውንና ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። ወንድምም ነበራቸው።

ቁጣው ከእኛ ጋር ይቆይ፤ ለነፍሳቸው ዕረፍት ይሁን።