ጠርሙሱ ላይ የጨመርኩት

የልጄ ሚስት፣ የእኔም ልጅ፣

አራስነቱ እንዴት ይዞሻል? ያቺ ድንቡሼስ ጡት አልሰለቻትም? እዚያ ጂባራ ያለው ዘመድ ሁሉ ደህና ነው? እኛ ተመስገን ደህና ነን። አንድ ጉድ ግን ከሌላ ሰው ሳትሰሚ ራሴ ልንገርሽ።

ባልሽ ዩኒየል ልቡን ቀዶ ጥገና ከተደረገ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ልቡ ልኩን ይዞ ይመታል። ሐኪሞቹን ያሰጋቸው ኩላሊቱ ነው። ነርሷ ኢዳልሚስ፣ ከእንዲህ ያለ ቀዶ ጥገና በኋላ ኩላሊት ሳይታወቅ ሊደክም ይችላልና የሚሸናት ሁሉ በጠርሙስ ትለካ አለችን። እዚህ ሳንታ ክላራ ሆስፒታልም ቢሆን ባልዲና ማራገቢያ ይዞ መጥቶ በሽተኛውን የሚያጥበው አስታማሚው ስለሆነ፣ ጠርሙሱም የእኔ ሥራ ሆነ።

ረቡዕ ሽንቱ በግማሽ ቀነሰ። ኢዳልሚስ፣ በዚሁ ከቀጠለ ከሆስፒታል መውጣቱ ይቀራል ስትል ልጄ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ገና ልጁን አላያት! አንጀቴ አልቻለም። ጠርሙሱን ይዤ ሽንት ቤት ገባሁና፣ እንግዲህ አትሳቂብኝ፣ ጎደሎውን እኔው ሞላሁት። በማግስቱም ደገምኩት። ኢዳልሚስ «ልጅዎ አንበሳ ነው!» እያለች ስትጽፍ እኔ ሞኟ አብሬ እኮራለሁ።

ዓርብ ዕለት ከጠርሙሱ ቀድታ ለምርመራ ላከች። ሐኪሙ ወረቀቱን ይዞ እየሮጠ መጣ። ስኳር ሞልቶታል፣ ደምም አለበት፣ መድኃኒቱ ይቀየር አለ። ልጄን በሌለበት በሽታ ሊያክሙት! ኮሪደር ላይ እጁን ለቀም አድርጌ «የእኔ ነው» አልኩት። ኢዳልሚስ ራሷን ይዛ፣ «እማማ፣ ኩላሊቱ ድረሱልኝ ሲለን አፉን ያዙበት እኮ!» ብላ ጮኸችብኝ። አለቀስኩ። ቆይታ መጥታ አቀፈችኝ።

ኩላሊት የሚጎዳውን ማስታገሻ አቋረጡለት፣ በደም ሥሩ ፈሳሽ ሰጡት፣ በየሰዓቱም እሷው ትለካ ጀመር። ትናንት ልኩ ሞላ። የራሱ ነው፣ እምልልሻለሁ! ያደረግኩትን ስነግረው ስፌቱን ይዞ ሳቀ። የወረቀቱን ነገር ግን ማንም አላነሳለትም።

ማክሰኞ ከአጎቱ ጋር በአውቶቡስ ይመጣል። ጨው እንዳታበዢበት፣ ራሱን ቢያመው እንኳ ማስታገሻ ሐኪም ሳይጠየቅ እንዳትሰጪው። እኔን ኢዳልሚስ ለምርመራ ጥቂት ቀን ይቆዩ ብላኛለች። ለእሱ ብቻዋን የቀረች በሽተኛ ላስታምም ነው ብዬዋለሁ፤ አንቺም እንደዚያው በይው። ልጁን አቅፎ ይጥገብ።

ጡትሽ አይንጠፍ፣ ቤታችሁ ሳቅ አይጣ። ልጅቷን በእኔ ፋንታ አንገቷ ሥር ሳሚያት። ስሟን ደግሞ እስክመጣ አትጠብቁኝ፣ አውጡላት።

የምትወድሽ
የባልሽ እናት