ከንብ የሚቀድሙ ዝንቦች

የካቲት 25
ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ውኃዬን ራሴ እቀዳለሁ፣ ካልሲዬን ራሴ አጥባለሁ፣ ጺሜን ያለ መስታወት እላጫለሁ። መሰላል መውጣት ትቻለሁ... ሰው ሲያይ።
ዛሬ ኮኩ ማበብ ጀመረ። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ የተከለችው ነው። አበባው ላይ ትንንሽ ነገሮች ያንዣብባሉ። ቢጫና ጥቁር መስመር አላቸው። በዚህ ብርድ ንብ ከየት መጣ?

የካቲት 27
ልጄ መጣች። ነርስ ናት፤ ገና ከበሩ ዓይኗ በሽታ ይፈልጋል። ዛፉን ስታይ ክው አለች። አልፈርድባትም። አምና የልጅ ልጄን ንብ ነድፋት፣ ፊቷ አብጦ ትንፋሽ አጥሯት ሆስፒታል አድራለች።
የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ መድኃኒት የሚረጭ ሰው ይዛ ልትመጣ ነው። ካልተረጨ ልጅቷ ይህን ግቢ አትረግጥም። ከተረጨ ደግሞ አበባውን ማን ይጎበኘዋል? ኮክ የለም ማለት ነው።
ንብ አይደሉም አልኳት።
“በምን አወቅህ፣ አባባ?”
በምን አወቅሁ? ጥያቄዋ እስካሁን ያንገበግበኛል።

የካቲት 28
አንዷን በጡጫዬ አፈፍ አደረግሁ። አውራ ጣቴን ነደፈችኝ። ንብ ነበረች።
ለማንም አልናገርም።

የካቲት 30
የልጅ ልጄ ደወለች። ክርክራችንን ሰምታለች።
“ክንፏን ቁጠርላት፣ አያቴ። ንብ አራት አላት፣ ዝንብ ሁለት። አስተማሪያችን ነግራናለች።”
ስምንት ዓመቷ ነው፤ ታዘኛለች። እሺ አልኩ።
ጎረቤቴ ሰዓት ሠሪው ዘንድ ሄድኩ። ዓይኑ ላይ የሚሰካትን ማጉያ ለመንኩት... ለመንኩት አልልም፣ አውሰኝ አልኩት። ለዝንብ ነው ስለው፣ “ምነው ጋሼ፣ ሰዓቷ ቆሞባት ነው?” አለ። ያበጠ አውራ ጣቴንም አየ። በር ጨፍልቆኝ ነው አልኩት።

መጋቢት 1
ብርድ ያደነዘዛት አንዷን ቅጠል ላይ አገኘሁ። ብርጭቆ ደፋሁባት። ማጉያውን ሰካሁ። አየሁ፣ እንደገና አየሁ...
ሁለት ክንፍ! ዓይኗ ፊቷን ሞልቶታል። የንብ ልብስ የለበሰች ዝንብ።
ሌላዋ ጸጉራም ናት፣ አፏ ላይ እንደ መርፌ የሾለ ነገር አላት። ታስፈራለች። እሷም ባለሁለት ክንፍ ናት። በመርፌዋ የአበባ ማር ትመጥጣለች እንጂ አትወጋም። “ባለመርፌዋ” ብያታለሁ።

መጋቢት 3
ታዲያ እኔን የነደፈችኝስ? ንብም አለ ማለት ነው። ልጄ ልክ ናት... በግማሽ።
ካፖርቴን ደርቤ ከማለዳ ጀምሮ ዛፉ ፊት ተቀመጥኩ። ትናንትም ዛሬም። ብርዱ ሳይለቅ የሚመጡት ዝንቦቹ ብቻ ናቸው። ፀሐይ የጓሮውን ግድግዳ ስትነካ ንቦቹ ይከተላሉ። ከዚያ በፊት አንዲትም የለች።
ይህን ያየ ዓይን ደክሟል ይሉኛል!

መጋቢት 5
ረጪው መርጫውን አዝሎ ከልጄ ጋር በማለዳ ደረሰ። እጄን ስኳር ውኃ ውስጥ ነክሬ አበባው ውስጥ ዘረጋሁ።
“ኧረ አባባ፣ ተው!”
አንዷ እጄ ላይ አረፈች። ሌላም ተጨመረች። ይልሳሉ። ንቅንቅ አላልኩም። ማጉያውን ሰጠኋት። ጎንበስ ብላ ቆየች።
“ክንፏ ሁለት ነው” አለች፣ ቀስ ብላ።
እዚያ ላይ ዝም ብል አሸንፌ ነበር። ግን የልጅ ነፍስ ነው... የተነደፈውን አውራ ጣቴን አሳየኋት። የግድግዳውንም ነገር ነገርኳት። በቃሌ አላመነችም፤ ወንበሬን ወስዳ ተቀመጠች። ፀሐይ ግድግዳውን ነካች፣ ንቦቹ መጡ። እንዳልኩት!
“እሺ። የልጅቷን የአለርጂ መድኃኒት ይዤ፣ በማለዳ ብቻ አመጣታለሁ” አለች። ረጪውን አሰናበተችው።
ድርቅናዋን ከማን እንደወረሰች አውቃለሁ።

መጋቢት 12
ልጅቷ መጣች። በካፖርት ተጠቅልላ፣ ማጉያው ዓይኗ ላይ፣ ባለመርፌዋን ራሷ አገኘቻት። ቀጥሎ አረንጓዴ፣ የስፒል ራስ የምታክል አሳየችኝ። “ይቺስ?”
አላውቃትም አልኩ። ደስ አላት። ስም ልታወጣላት ነው።
ፀሐይ ግድግዳው ጫፍ ላይ ስትደርስ፣ እናቷ አፏን ሳትከፍት፣ እኔ “ወደ ቤት” አልኩ።
አሁን ዕዳ አለብኝ። ለሰዓት ሠሪው ማጉያውን መመለስ፣ በሩም እንዳልጨፈለቀኝ መናገር። ረጪው በከንቱ ተንከራቷል፤ ኮኩ ሲደርስ አንድ ዘንቢል ሙሉ። ለልጄ፣ “ልክ ነበርሽ” የሚል ቃል። ግማሽ ልክ ብትሆንም ሙሉውን እሰጣታለሁ። በሰው አልልክም። ሁሉንም ራሴ፣ በእግሬ ሄጄ።