የአባባ ስም በሬዲዮ

ለውድ እህቴ ለእታለም አመለወርቅ ዓባይነህ፣ ደሴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ክረምቱን እንዴት አለፈው? የደም ግፊትሽ ወረደልሽ ወይስ እንደ ልማድሽ መድኃኒቱን ለጎረቤት አካፍለሽ ጨረስሽው? የባለቤትሽ የጋሽ ግርማቸው ዓይንስ ተሻለው? እኔ፣ ሉሊትና ልጃችን ሊያ በአካል ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። በአካል ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረው ቢመስልሽ አትፍረጂብኝ። በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ሞክሬ፣ ድምፅሽን ስሰማ ስለ ዝናብ አውርቼ ዘጋሁት።

ነገሩ በትርፍ ጊዜዬ ከሩቅ ሰው ጋር ስለምነጋገርበት ስለዚያ ሬዲዮ ነው፤ “አባታችንን የበላው አነሰና አንተም ገባህበት?” ብለሽ የተቆጣሽኝ። በዓመት አንድ ጊዜ ውድድር አለን። ባለችው ሰዓት ከብዙ ሰው ጋር መነጋገር ነው፤ ተራ ቁጥርሽንና ያለሽበትን አውራጃ ትናገሪያለሽ፣ የሌላውን ትቀበያለሽ፣ ጽፈሽ ታልፊያለሽ። ስም መናገር ግድ አይደለም፤ በፈቃድሽ ላይ ያለው የጥሪ ምልክት፣ ማለትም የተሰጠሽ ፊደልና ቁጥር፣ ይበቃል። እውነቱን ልንገርሽ፣ የወደድኩትም ለዚህ ነው። እኔ መኪናዬ ላይ አንቴና ተክዬ ከአውራጃ ወደ አውራጃ እየዞርኩ እወዳደራለሁ። የሚነዳልኝ ንጋቱ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ወዳጄ፣ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ታክሲ የነዳ፣ ስለ ሬዲዮ አንድም ነገር የማያውቅ፣ ግን በየኩርባው ካላሾፈብኝ የማይሆንለት ሰው።

ባለፈው ቅዳሜ ከሳን ሆዜ ወጥተን ከማውንት ሃሚልተን ተራራ ጀርባ ወዳለው በረሃማ ሸለቆ ወረድን። ቤት የለም፣ ሰው የለም፣ ላም እንኳ ከስንት አንዴ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሬ መቶ ስልሳ ሰው አነጋግሬ ደስ ብሎኝ ነበር። ሰባት ሰዓት ላይ ንጋቱ መኪናውን ዳር አስይዞ፣ “ባስልኤል፣ ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠብኝ ይመስለኛል” አለኝ። መቀለዱ መስሎኝ ነበር። ዞር ስል ፊቱ አመድ መስሏል፣ ላቡ አገጩ ላይ ይንጠባጠባል።

ስልኬን አወጣሁ፤ መስመር የለም። የእሱንም አየሁ፤ የለም። ልንዳ ብል በዚያ ጠመዝማዛ ወደ ሳን ሆዜ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። የቀረኝ እጄ ላይ ያለው ማይክሮፎን ብቻ ነበር። እሱን ይዤ ዝም አልኩ። እታለም፣ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ዝም አልኩ። የውድድሩን ሰዓት ፊቴ አስቀምጬው ነበርና በትክክል አውቀዋለሁ።

ለምን እንደሆነ ካንቺ በቀር የሚገባው ሰው የለም። በ1970 የደርግ ሰዎች የአባባን የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ሲፈትሹ፣ ጣሪያው ላይ ያገኙትን ሽቦ ይዘው “ለማን ነው የምታስተላልፈው?” እያሉ እንደወሰዱት ታስታውሻለሽ። እኛን በር ላይ አቁመው የማን ልጅ ናችሁ አሉን። አንቺ በአሥራ አራት ዓመትሽ ቀጥ ብለሽ “የዓባይነህ” አልሽ፤ ጥፊውንም ቀመስሽ። እኔ ግን እማማ እንዳስጠናችኝ የአያታችንን ስም ጠርቼ፣ “የወልደሚካኤል ልጅ ነኝ፣ የጎረቤት ነኝ” አልኩ። ለአንድ ቀን የታሰበው ውሸት ሱዳን የስደተኛ ወረቀቴ ላይ ገባ፣ ከዚያ አሜሪካ ተሻገረ፣ የሬዲዮ ፈቃዴም ላይ እሱው ተጻፈ። አባትህን በወረቀት ደግመህ ገደልከው ብለሽ ያኮረፍሽኝ ዘመን አልረሳሁትም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው፤ በሬዲዮ ላይ የሰው ስምና ያለበትን ቦታ መናገር ለእኔ ሰውን አሳልፎ መስጠት ነበር።

ንጋቱ ክንዴን ጨበጠና፣ “ኮል አድርግ እንጂ፣ ጥራቸው፣ ምን ትጠብቃለህ?” አለኝ። ያኔ ጮህኩ። ድንገተኛ ነው፣ ሰው ሊሞትብኝ ነው አልኩ። እንደ ገበያ ይንጫጫ የነበረው ሁሉ መስመሩን ለቅቆልኝ ባንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ያን ያህል የሚያስፈራ ጸጥታ ከተወለድኩ አልሰማሁም። ከአሪዞና አንዲት ሴትዮ ብቻ መለሰች፤ የጥሪ ምልክቴንና ሙሉ ስሜን ጠየቀችኝ። “ባስልኤል ዓባይነህ” አልኳት። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

መዝገብ አይታ ተመለሰች። በዚህ ምልክት የተመዘገበው ባስልኤል ወልደሚካኤል ነው፣ አንተ ማን ነህ አለችኝ። ፈቃድ ሰርቀው በሬዲዮ የሚቀልዱ ሰዎች አሉና አልፈርድባትም። ንጋቱ ግን ጭንቅላቱ መስኮቱ ላይ ወድቆ ነበር። ያው የደሴው በር፣ ያው ጥያቄ መጣብኝ። እያለቀስኩ፣ “ወልደሚካኤል አያቴ ነው። ዓባይነህ አባቴ ነው። ፈርቼ ነው የደበቅኩት” አልኳት። አምኜሃለሁ፣ የት እንዳላችሁ ንገረኝ አለችኝ። ነገርኳት። እሷ በስልክ ደወለች፤ በሠላሳ አምስት ደቂቃ ውስጥ ሄሊኮፕተር መጣ።

ንጋቱ በሕይወት አለ፤ ነገ ጠዋት ልቡን ይከፍቱለታል። ሐኪሙ እያንዳንዱ ደቂቃ ዋጋ ነበረው ብሎናል። ባለቤቱ ሐኒ እጄን ይዛ “አንተ ባትኖር” ትለኛለች፤ ሦስቱን ደቂቃ አልነገርኳትም። ነገ የከፋ ነገር ቢመጣ ምን ብዬ ዓይኗን አያለሁ? ደግሞ ሞኝነቴን ስሚ፤ ስሙን በአየር ላይ ከጠራሁ ወዲህ በራችን ሲንኳኳ እደነግጣለሁ። ትናንት ፖስተኛው ነበር፤ ጓዳ ገብቼ ቆምኩ። ሊያ “ዳዲ፣ አር ዩ ኦኬ?” አለችኝ፤ ደህና ነኝ አልኳት።

የንጋቱ ክርስትና ስሙ ገብረ ማርያም ነው፤ ጸሎት አስይዢለት። ጋሽ ግርማቸውን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ለልጅሽ ለዓለምፀሐይና ለልጆቿ፣ ግድግዳ ለሚጋራሽ ለደግነትም ሰላምታዬን አድርሺ። ሉሊት በጣም ናፍቀሻታል፤ ሊያም በሰባራ አማርኛዋ አክስቴን ሰላም በሉልኝ ብላለች።

የአባባን ስም ወደ ወረቀቴ የምመልስበትን ፎርም ሞልቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ለማስገባት ገና እፈራለሁ። ግን በስሙ መፈረሙን ካንቺ ፊት ልጀምረው።

ወንድምሽ
ባስልኤል ዓባይነህ

ሳን ሆዜ፣ መስከረም 28 ቀን 2018 ዓ.ም.