ሁለት ጣት ያጠረው ወንበር

ውድ እታለም፣

ቆመሽ ከሆነ ተቀመጪ፤ ተቀምጠሽ ከሆነ የወንበሩን እግር አጥብቀሽ ያዢ። ከባድ መርዶ አለኝ፦ ምዕራቡ ዓለም ወደቀ። የወደቀው ማክሰኞ ጠዋት፣ ከሻይ ሰዓት በፊት፣ በፋብሪካችን የስብሰባ ክፍል ውስጥ ነው፤ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። እስከዚያው ግን ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽ ተሻለሽ? ልጅሽስ ጥርስ አወጣች ወይስ እንደ አያቷ በድድ ልትኖር ነው? እኛ ዘንድ እማማ ጉልበቷን ታማለች፣ አባባ ደግሞ እኔን ታሟል፤ ሌላው ደህና ነው።

አቶ ስታንዳርድ የምንለውን አማካሪ አትረሺውም፤ አንቺ ካለሽበት የምዕራብ አገር መጥቶ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በረጅሙ ጠረጴዛ ራስጌ የተጎለተው። አባባ የሠራውን በር በጣቱ ጫፍ ነካ አድርጎ «ከስታንዳርድ በታች» ያለው፣ ሠላሳ ዓመት መጋዝ የያዘውን ሰው የዕቃ ማሸጊያ ሣጥን እንዲመታ ያወረደው እሱ ነው። ራሱ ሚስማር መትቶ አያውቅም፤ ቢመታም አውራ ጣቱን ነው።

አሁን ጊዜ ተገለበጠበት። ፋብሪካው ሦስት አዳዲስ ሸሪኮች አገኘ፤ አንዱ ከምሥራቅ፣ አንዱ ከደቡብ፣ ሦስተኛው በረሃ ተሻግሮ የመጣ። ራዲዮው ይህን «ባለ ብዙ ዋልታ ዓለም» ይለዋል። እኔ ትምህርቴን አጋምሼ ስለተውኩት አባባን ብጠይቀው፣ «ባንድ ዋልታ የቆመ ቤት ዶሮም አታድርበትም» ብሎኝ መላጉን ቀጠለ። የፋብሪካው ባለቤትማ ያው ነው። ለአንድ ሰው ያጎነብስ የነበረው አሁን ለአራት ሲያጎነብስ ቀና የሚልበት ጊዜ አጥቷል። ሦስቱም «ራስጌ ካልተቀመጥን» ብለው ቢፋጠጡ ራስጌ የሌለው ክብ ጠረጴዛ ከአምስት እኩል ወንበር ጋር ይሠራ ተባለ። ክብ የሚያወጣ እጅ ያለው ደግሞ አባባ ብቻ ነው፤ ከሣጥኑ ሥር ጠርተው አመጡት።

አቶ ስታንዳርድ ገና ቀለሙ ሳይደርቅ በሩን ፊት ለፊት የሚያየውን ወንበር መርጦ ስሙን ለጠፈበት። እጄን በላኝ። ሰኞ በምሳ ሰዓት ገብቼ ከአራቱም እግር ሁለት ሁለት ጣት ገዘገዝኩለት።

ማክሰኞ ሲቀመጥ ጠረጴዛው ደረቱ ላይ ደረሰ፤ ሾርባ የሚጠብቅ ሕፃን መሰለ። «አጠርኩ» እንዳይል ማነሱን ማመኑ ነው፤ ዝም እንዳይል አገጩ ወረቀቱ ላይ ነው። የምሥራቁ የደቡቡን፣ የደቡቡ የበረሃውን ሰው ጠረጠረ። ባለቤቱም ከበላይ የታዘዘ መስሎት ሻዩን አስቀድሞ ለሦስቱ፣ በመጨረሻ ለእሱ አስቀዳ። አዲሶቹም መላእክት እንዳይመስሉሽ፤ ሻይ ስለቀደማቸው ብቻ ደረታቸው እንዴት እንደተነፋ ብታዪ! ከዚያ ሁሉ ትልቅ ሰው አንድ እንኳ ጎንበስ ብሎ የወንበሩን እግር ያየ የለም።

ከሰዓት ግን ነገሩ ወደ አባባ ዞረ። አቶ ስታንዳርድ «ወንበሩ ከስታንዳርድ በታች ነው፤ የሠራው ሰው ይባረር» አለ። አባባ ተጠርቶ መጣ፣ ተንበረከከና ቁርጡን በመዳፉ ዳሰሰ። መጋዝ ስይዝ ወደ ግራ እንደማዘነብል ያውቃል፤ በር ላይ የቆምኩትን እኔን አንዴ አየኝ። «እኔ ነኝ» ልል አፌን ስከፍት ቀደመኝ። «የእርስዎ ልክ ነው ጌታዬ፤ ሌሎቹ አራቱ ናቸው ከስታንዳርድ በላይ የወጡት» አለ፣ ፈገግ እንኳ ሳይል። ከእሱ በቀር ሌላው ሁሉ ስህተት ነው ሲባል እንዴት ደስ አይለው! አሥራ አንድ ዓመት የለፈፈው ይህንኑ አይደል? «እኔም ያልኩት እሱን ነው!» ብሎ አባባን ወደ በር ሥራው መለሰው።

የቀሩትን አራት ወንበሮች አሥራ ስድስት እግር ማን እንደቆረጠ አትጠይቂኝ፤ እጄ ውኃ ቋጥሯል። አሁን አምስቱም እኩል አገጫቸውን ጠረጴዛው ላይ አስደግፈው ስለ ዓለም ሚዛን ይወያያሉ። እንግዲህ መርዶው ይኸው ነው እታለም፤ ሲጠቃለል ሁለት ጣት እንጨት።

እማማ ጉንጭሽን ትስማለች፣ ወፍራም ልበሺ ትላለች። አባባ ሰላም በልልኝ ብሏል፤ የኔን ጥፋት እንዳልጽፍም አስጠንቅቆኛል። ታናሻችን ፎቶ ላኪልኝ ትላለች። ባልሽን ሰላም በይልኝ። ለልጅሽ ሃያዎቹን ቁራጮች በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ መጫወቻ ልኬላታለሁ፤ ጠመም ያሉት አራቱ የምዕራቡ ናቸው።

ወንድምሽ፣
ከእንጨት ሥራ ክፍሉ፣ ሰጋቱራው ላይ ተቀምጬ
ዓርብ፣ የወሩ አሥራ ሰባተኛ ቀን